ማን ላካችሁ

ሰኞ፣ ኦክቶበር 4፣ 2021

ትኬቱን ቆርጧል። የነገረኝ ዛሬ ነው፤ የቆረጠው ግን ባለፈው ሐሙስ ነው። አራት ቀን ሙሉ አብረን በልተን፣ አብረን ሥራ ሄደን፣ አብረን ስንተኛ ትኬቱ ስልኩ ውስጥ ነበር።

የነገረኝ መኪና ውስጥ ነው። ከምንሠራበት መጋዘን፣ ከሪከንባከር ወጥተን ከጭነት መኪኖቹ ኋላ መብራት ይዞን ቆመን ሳለ፣ «ኖቬምበር ሃያ እሄዳለሁ» አለ። ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። ምክንያቱን በጋውን ሙሉ በስልክ ስንሰማው ነው የከረምነው።

ነገሩን ለራሴ በግልጽ ልጻፈው። ማሄሽ ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው። ጉጃራት ከሚባለው የሕንድ አገር፣ ከገበሬ ቤት ነው የመጣው። መጋዘኑ ውስጥ ዕቃ ቆጠራ ላይ ይሠራል፤ እኔ የጠዋቱ ሺፍት አለቃ ነኝ። ከተዋወቅን ስድስት ዓመት ሆነን። አራቱን ኦቤትስ በገዛሁት ቤት አብረን ኖርን። ለሐበሻው ተከራዬ ነው። ለአባቱ እኔ ቤት አከራዩ ነኝ። በሁለተኛው ክፍል አልጋ አንጥፈናል፣ እንግዳ ሲመጣ የሚታይ። ማንም ተኝቶበት አያውቅም።

ታናሽ ወንድሙ ኪራን አስተማሪ ነው። አንዲት ልጅ ይወዳል፤ እሷም አስተማሪ ናት። ሁለቱም ቤተሰቦች ተስማምተዋል። ግን በነሱ ቤት ታላቅ ሳያገባ ታናሽ አያገባም። ልጅቷ አራት ዓመት ጠበቀች። አሁን አባቷ ሰልችቶት ለሌላ ሊሰጣት ነው። ስለዚህ የማሄሽ አባት ለማሄሽ ሙሽራ ፈለጉ፣ አገኙ። በአንድ ድንኳን ሁለት ሠርግ።

«ካላገባሁ የኪራንን ሕይወት የምዘጋው እኔ ነኝ» አለኝ።

ያችኛዋስ ልጅ፣ ያንተዋ፣ ማንን እንደምታገባ ታውቃለች ወይ አልኩት። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ፎቶዋን አላየሁም አለ።  እራት ላይ ጨው አቀብለኝ አለኝ፣ አቀበልኩት።

ማክሰኞ

ከሥራ በኋላ ጋሼ መኩሪያን ክትባት ወሰድኳቸው፤ ሦስተኛውን። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። በሱዳን በኩል የመጡ ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ዳውንታውን መኪና ማቆሚያ ውስጥ ሠሩ። ከሞርስ ሮድ ጀርባ ትንሽ ቤት አላቸው። በዚህ ከተማ ያላስታረቁት ባልና ሚስት የለም፤ ሽማግሌ ሆነው ያልቆሙበት የሴት ልጅ አባት ቤትም ጥቂት ነው።

እኔን ለመዳር አሥር ዓመት ደክመዋል። ነርሷን አመጡ። ዴይተን ያለችውን ባሏ የሞተባትን ሴት አመጡ። ከአዲስ አበባ የእህታቸውን ልጅ በስልክ አስተዋወቁኝ። እናቴም በሕይወት ሳለች በየሳምንቱ ጋሼ ምን አሉ ትለኝ ነበር። ጠይቃ ጠይቃ ሞተች።

ባለፈው ክረምት ኮቪድ ይዞኝ ሆስፒታል ተኛሁ። ወደ ቤት ስመለስ እጄን ማንሳት አልችልም ነበር። ጋሼ ምግብ በረንዳ ላይ አስቀምጠው ለመሄድ መጡ። በወጥ ቤቱ መስኮት በኩል ማሄሽ ጢሜን ሲላጨኝ አዩ። ማየታቸውን እኔም አየሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ አንዲት ሴት አላመጡም። 

ዛሬ ከክትባቱ በኋላ አሥራ አምስት ደቂቃ ቁጭ በሉ ተብለን ፋርማሲው ወንበር ላይ ተቀምጠን ፊትህ ለምን ጠቆረ አሉኝ። የተከራዬን ወንድም ጉዳይ ነገርኳቸው። የታናሹን ብቻ። ልጅቷን፣ አራቱን ዓመት፣ ግትሩን አባት።

«ሽማግሌ ተልኮባቸዋል?» አሉ።

«ሕንዶች ናቸው ጋሼ።»

«ሕንድ አባት የለውም?»

እንደኛ ዓይነት ሽማግሌ መላክ የላቸውም፣ ጋብቻው በዘመድ በኩል ነው የሚያልቀው አልኩ። ታዲያ አባት እንቢ ሲል ምን ያደርጋሉ አሉኝ። አላውቅም አልኩ። ይኼ ሁሉ ሕዝብ ያለ ሽማግሌ እንዴት እስከዛሬ ኖረ ብለው ተገረሙ። ከልባቸው ነው የተገረሙት። ከዚያ ቅዳሜ ይመቸኛል አሉ።

ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ረቡዕ

ቀልድ አይደለም። ጋሼ ጠዋት ሁለት ጊዜ ኮል አድርገውልኛል። ጓደኛቸውን አቶ ደረጀን ጨምረዋል። ደረጀ ሞርስ ሮድ ላይ የታክስ ቢሮ አለው፤ የኔንም የሚሠራው እሱ ነው። ደግ ሰው ነው፣ ወሬ አይጠግብም። ማሄሽን ስድስት ጊዜ አይቶታል፤ ስድስቴም ክሪኬት ያውቅ እንደሆነ ጠይቆታል።

ሽማግሌ ሦስት መሆን አለበት አልኳቸው፣ ይተዉት ይሆናል ብዬ። «ሁለት ነን፤ ሦስተኛው እግዚአብሔር ነው» አሉ። ይቅርብኝ አልኳቸው። አንዴ ከነገርከኝ ወዲያ ጉዳዩ ያንተ ብቻ አይደለም አሉ።

ብሬክ ላይ ለማሄሽ ነገርኩት። ስልክ ፊት ቆመው አባቱን ሊለምኑ ነው ስለው መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ጠረጴዛው ላይ ግንባሩን ደፍቶ ሳቀ፤ ሰዎች ዞረው አዩን። ከዚያ ሳቁን አቆመና አባቱ ዕድሜ ልኩን ባለሥልጣን ፊት የቆመ ሰው ነው አለኝ። ለውሃ ቆሟል፣ ለዘር ቆሟል፣ ለመሬት ወረቀት ቆሟል። እሱ ፊት ግን ማንም ቆሞ አያውቅም።

ቀኑም ገጥሟል። እነሱ ሙታኖቻቸውን የሚያስቡበት ሁለት ሳምንት አላቸው፤ በዚያ ውስጥ ስለ ጋብቻ አይወራም። ዛሬ ያልቃል። አባትየው ለሁለቱም ልጃገረዶች ቤት የመጨረሻ ቃል የሚልኩት እሑድ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ካልሆነ አይሆንም።

የምፈራውን ልጻፍ። ደረጀ እንዳይጠረጥር። አባትየው ተዋረድኩ ብለው እንዳይቆጡ። ጋሼ ስለ በሽታቸው አንድ ሰዓት እንዳያወሩ። ኪራን ተፈቅዶለት፣ ማሄሽ ግን ያው አግባ እንዳይባል። ይህ የመጨረሻው ሌሊትም ቀንም አይለቀኝም።

ሐሙስ

ኪራን በማሄሽ ስልክ ደወለ። እንግሊዝኛው የመጽሐፍ ነው፣ እያንዳንዱን ቃል ያከብረዋል። ለአባቱ የነገራቸው፣ ወንድሜ ባለበት ያሉ ሁለት ሽማግሌዎች ሊያናግሩህ ይፈልጋሉ ብሎ ነው። አባትየው የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስንት ዓመታቸው ነው? ታላቁ ሰባ አራት ሲባሉ ይበልጠኛል አሉና ጥምጣሜን አውጡልኝ አሉ። ከለቅሶና ከሠርግ በቀር የማያደርጉት ጥምጣም ነው።

ማሄሽ ይህን ሲሰማ ተነስቶ ሳህን ማጠብ ጀመረ። የታጠቡትን ሳህኖች።

አርብ

ሥራ በዛ። ሁለት ፎርክሊፍት ቆሟል፣ አንድ ሰው አልመጣም። ጥሩ ነው፣ አላሰብኩም።

ማታ ጋሼ ደውለው ማን ያስተረጉማል አሉ። እኔ አልኩ። ላኪ ከሽማግሌ ጋር አይቆምም፤ ነውር ነው አሉ። ላኪው እኔ አይደለሁም፣ ኪራን ነው አልኩ።  መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ አልኩ።

«እንደሱ ከሆነ ና ቁም» አሉኝ።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 9

 በቅደም ተከተሉ ልጻፈው፣ አንዱም እንዳይጠፋ።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መጡ። ጋሼ ነጭ ጋቢያቸውን በሱፍ ኮታቸው ላይ ደርበዋል። ደረጀ ክራቫት አስሯል፤ ከዚህ ቀን ጀምሮ ዓለም አቀፍ ሽማግሌ በሉኝ አለ። ጋሼ ቤቱን ዞረው አዩ። የተነጠፈውን አልጋ በበሩ በኩል አይተው አለፉ። ከዚያ ማሄሽ ጓዳ ይግባ አሉ። በኛ ወግ የሚለመንለት ልጅ ሽማግሌ ፊት አይቀመጥም። ደረጀ፣ የሚለመንለት ልጅ እኮ ታናሹ ነው፣ እሱ ሕንድ ነው ያለው አለ። ጋሼ የጓዳውን በር ከፈቱ። ማሄሽ ገባ።

ታብሌቱን መደርደሪያው ላይ፣ በቁመት ልክ አስቀመጥነው። ሦስት ሰዓት ላይ ደወልን። እዚያ ሊመሽ ነው። ግቢ ታየ፤ የገመድ አልጋ፣ ግድግዳ ላይ የበራች አምፑል፣ የጎሽ ጅራት። አባትየው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል፤ ቀጭን፣ ነጭ የለበሱ፣ ጥምጣሙ ቀይ። አንድ እጃቸው ዱላ ይዟል። ኪራን አጠገባቸው ቆሟል። እናትየው በሩ ላይ ናቸው፤ ሻሻቸው ግንባራቸውን ሸፍኗል።

ጋሼ እንደምን ዋላችሁ አሉ፣ ለመልካም ነገር ነው የመጣነው አሉ። እኔ በእንግሊዝኛ፣ ኪራን በነሱ ቋንቋ። አባትየው ተቀመጡ አሉን። ጋሼ፣ ቃላቸውን ሳንሰማ አንቀመጥም በላቸው አሉ። ኪራን ይህን ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። ሲያስተረጉምላቸው አባትየው ጋሼን ትኩር ብለው አዩ። ከዚያ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሱ።

«አባቴ፣ የሚበልጠኝ ሰው ቆሞ እኔ አልቀመጥም ይላል» አለ ኪራን።

እንዲህ ያለ ነገር ማናችንም አልጠበቅንም። ሽማግሌ የሚቆመው አባትን ለማስጨነቅ ነው፤ የተቀመጠ ሰው የቆመ ሽማግሌ እያየ እንቢ ማለት ይከብደዋል። እሳቸው ክብር መሰላቸውና ክብሩን መለሱ። ጋሼ ከተቀመጡ ልመናው ፈረሰ። አባትየው ከተቀመጡ እንግዳ ናቁ። ደረጀ በጆሮዬ፣ እኚህ ሰውዬ ዘዴያችንን ቀሙን አለኝ።

ቆመው ተነጋገሩ።

ጋሼ ስለ ታናሹ ተናገሩ። ቆንጆ አድርገው። ልጅቷ አራት ዓመት መጠበቋ ጨዋ መሆኗን ያሳያል፣ እንዲህ ያለች ምራት ከእጅ አትወጣም አሉ። አባትየው ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙና መለሱ። ታላቁን በሬ አልፈን ታናሹን ብንጠምድ፣ ታላቁ ምን ሆኖ ነው ይላል አገሩ አሉ።

ጋሼ ፊታቸው በራ። «ገበሬ ናቸው» አሉኝ፤ ይህ የሚተረጎም አልነበረም። የሚተረጎመው፣ ታላቁ እስኪጠመድ ሁለቱም ቢቆሙ ማሳው ጦሙን አያድርም ወይ የሚለው ነው።

ኪራን ሲያስተረጉም አባትየው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። ኪራን ራሱ ግን ለራሱ ጉዳይ አፍ ሆኖ ከመሃል ስለቆመ ላቡን ይጠርጋል።

ከዚያ ፈገግታው ጠፋ። አባትየው ረጅም ተናገሩ፣ ወደ ስልኩ ሳይሆን ወደ መሬት። ኪራን ሲያስተረጉም ድምፁ ተለወጠ። ታናሹ ቢያገባም ባያገባም እዚህ ነው፣ እኛ አለንለት። ታላቁ ግን ማንም በማያውቀው አገር ነው። ዘንድሮ በሽታው በመንደራችን ከየቤቱ ሰው ወሰደ። እዚያም እንዳለ ሰማሁ። ልጄን ቢይዘው ውሃ ማን ይሰጠዋል እያልኩ ነው የነጋልኝ። ሚስት ውሃ ትሰጣለች። እኔን የሚያስጨንቀኝ የአገሩ ወሬ ብቻ አይደለም።

 ደረጀ በአሜሪካ ሆስፒታል ነርሶች እንዳሉ ሊያስረዳ ጀመረ፤ ጋሼ በእጃቸው ያዝ አደረጉት።

አባትየው ቀና አሉ። ለመሆኑ እናንተን ማን ላካችሁ አሉ። ኪራን እንዳልል፣ ኪራን አያውቃችሁም። ማሄሽ እንዳልል፣ ማሄሽ የራሱ አፍ አለው። ማን ላካችሁ?

ለጋሼ አስተረጎምኩ። ጋሼ ወደኔ ዞሩ። 

«የላከን አጠገቤ የቆመው ሰው ነው በላቸው።»

ታብሌቱን ትቼ ወደሳቸው ዞርኩ።

«ጋሼ…»

«ሽማግሌ ማን ላከህ ሲባል አይዋሽም። አስተርጉም።»

ደረጀ እኔን አየ። ከዚያ የጓዳውን በር አየ። ከዚያ ምንጣፉን አየ፤ ከምንጣፉም ዓይኑን አላነሳም።

የላክኋቸው እኔ ነኝ አልኩ በእንግሊዝኛ። ቃሉ ከወጣ በኋላ ማቆም አቃተኝ። ባለፈው ክረምት ስታመም ውሃ የሰጠኝ ማሄሽ ነው፣ እሱ ቢታመም የምሰጠው እኔ ነኝ፣ ስድስት ዓመት ሆነን አልኩ።

ኪራን ወዲያው አላስተረጎመም። ስልኩን የያዘ ሰው የለም፣ ስለዚህ ምስሉ አልተነቃነቀም፤ ሁሉም ሰው ባለበት ቆሞ ሥዕል መሰለ። የጎሹ ጅራት ብቻ ይወዛወዛል። ከዚያ ኪራን ተናገረ። እኔ ከጋሼ ቃል አስረዝሜ ነበር፤ ኪራን ከኔ ቃል አስረዘመ። ምን እንደጨመረ እስካሁን አላውቅም። የማውቀው ስለ ወንድሙ ሲናገር አባቱን ፊት ለፊት እያየ መናገሩን ነው።

እናትየው ከበሩ ተነስተው ወደ ስልኩ መጡ። በጣም ተጠጉ፤ ግንባራቸውና ዓይናቸው ስክሪኑን ሞላው። እኔን አዩኝ። ሁለት ቃል ተናግረው ወደ በሩ ተመለሱ። ኪራን ያንን አላስተረጎመም።

አባትየው ቆመዋል። ጋሼ ቆመዋል። ሁለት ሽማግሌ፣ አንዱ በዱላ፣ አንዱ በወንበር ጀርባ ተደግፎ፣ በመካከላቸው ውቅያኖስ። ሰዓቴን አየሁ፤ አርባ ደቂቃ አልፏል። በዕድሜዬ ለኔ ብሎ እንዲህ የቆመ ሰው የለም። እዚያም እዚህም።

«ሽማግሌውን ተቀመጥ በለው ይላል አባቴ» አለ ኪራን በመጨረሻ።

ቃላቸውን ሳልሰማ አሉ ጋሼ።

«ታናሹ ያግባ ይላል። ነገ ለልጅቷ ቤት እልካለሁ ይላል። አሁን ይቀመጥ፣ ጉልበቴ አልቋል ይላል።»

ሁለቱም በአንድ ጊዜ ተቀመጡ። ሁለቱም እህ አሉ።

ስለ ማሄሽ አንድም ቃል አልተባለም። ሰላምታ ተለዋወጡና ስልኩ ተዘጋ።

መኪናው ጋ ደረጀ ክራቫቱን ፈታ። «ጋሼ፣ ምን ውስጥ ነው የከተቱኝ?» አለ። ሽማግልና ውስጥ አሉት። መኪናውን አስነስቶ ብቻውን ሄደ። ጋሼን ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። መንገድ ላይ ከመቼ ጀምሮ ያውቃሉ አልኳቸው። የጠየቅኩትን ትተው፣ እኔ ያልኩት አጭር ነበር፣ አንተ ግን አስረዘምከው አሉኝ። ቤታቸው ስንደርስ ደረጃውን ለመውጣት ክንዴን ያዙ። ይህን ሥራ ብዙ ሠርቻለሁ አሉ፤ አንድ ጊዜም የማስታርቀውን ሰው አልጋ ጠይቄ አላውቅም፣ ይኖራል ወይስ ጥሎ ይሄዳል ነው የምጠይቀው። በሩን ከፍተው ገቡ።

ቤት ስመለስ ማሄሽ ጓዳ መሬት ላይ እንደተቀመጠ ነው። እናትህ ምን አሉ አልኩት።

«ይሄ ነው?» ነው ያለችው አለኝ።

ለካ እናትየው አንድ ሰው እንዳለ ያውቁ ነበር። ያላወቁት መልኩን ነው።

እሑድ

ኪራን መልእክት ላከ። ለሚወዳት ልጅ ቤት ቃል ተልኳል፤ ጣፋጭ ተበልቷል። ልጅቷ ስታለቅስ ድምፅዋን ቀድቶ ልኮልናል። ማሄሽ ሦስት ጊዜ ሰማው።

ለማሄሽ ታጭታ ለነበረችው ልጅ ቤትስ? ኪራን አያውቅም። አባትየው ከዚያ ቃል በቀር ከትናንት ጀምሮ ማንንም አላናገሩም፤ ምግባቸውንም ማሳ ላይ እያስመጡ ይበላሉ።

ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ደረጀ በር ላይ ይቆማል፣ ሁሉንም ሰላም ይላል። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራሁት።

ሰኞ

ተጣላን። ትኬቱን ካንስል አድርገው አልኩት። ለወንድሜ ሠርግ ካልሄድኩ ሰው አይደለሁም አለ። ከሄድክ ያቺን ልጅ አጠገብህ ያስቀምጧታል፣ ድንኳኑ ሙሉ ሰው እያየህ እንቢ ማለት ትችላለህ ወይ አልኩ። አልችልም አለ። በግልጽ አለው፣ ዓይኔን እያየ። 

ደረጀ ከቀትር በኋላ ጻፈልኝ፤ የታክስ ፋይልህን ና ውሰድ ይላል። ሌላ ምንም የለውም። ለጋሼ ነገርኳቸው። ጊዜ ስጠው አሉ። ካልተመለሰስ አልኩ።

«ባይመለስም አርባ ደቂቃ ቆሞልሃል» አሉ።

እውነት ነው። አላሰብኩትም ነበር። ካወቀ በኋላም ቆሞ ነበር፤ አልተቀመጠም፣ አልወጣም።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 12

ብሬክ ላይ ስልኬ ጮኸ። የኔ ስልክ እንጂ የማሄሽ አይደለም። ኪራን ነው። አባቴ ሊያናግርህ ይፈልጋል አለ። ወንድምህን ልጥራው አልኩ፤ አይ፣ አንተን ብቻ አለ። የጭነት በሩን አልፌ ወደ ውጭ ወጣሁ። ንፋስ ነበር፣ አውሮፕላን እየወረደ ነበር፤ ድምፁ እስኪያልፍ ጠብቁኝ አልኳቸው። ጠበቁኝ።

መጀመሪያ ስንት ዓመትህ ነው አሉ። አርባ ዘጠኝ አልኩ። ተነጋገሩ።

«ደህና ይላል። ስድሳ መስለኸው ነበር ይላል።»

 ሽበት የቤተሰባችን ነው አልኩ። ያንንም አስተረጎመው።

ከዚያ አባትየው ቀስ ብለው፣ ቃል በቃል ተናገሩ፣ ኪራንም ቃል በቃል ተከተላቸው። ለዚያኛዋ ልጅ ቤት ዛሬ ጠዋት ራሴ ሄጃለሁ። ልጄ አይሆንላችሁም፣ ሌላ ፈልጉ ብያለሁ። ተቆጥተዋል፤ መቆጣታቸው ልክ ነው። ድንኳኑ ውስጥ ማሄሽ አጠገብ የሚቀመጥ ሰው የለም። አንተ አትምጣ። መንደር ነው፣ እኔም ገና አልለመድኩትም። እሱን ግን ለወንድሙ ሠርግ ሦስት ሳምንት እፈልገዋለሁ። ትልክልኛለህ ወይ?

አልሰማሁ መስሎኝ ድገመው አልኩት።

«ትልክልኛለህ ወይ ይላል አባቴ። ሲያልቅ እመልሰዋለሁ ይላል።»

የገዛ ልጃቸውን ነው። እኔን ነው የጠየቁት። ያቺ ኦቤትስ ያለች ቤት የኔ ናት፣ ወረቀቱ ላይ ስሜ አለ፤ ግን ባለቤት መሆን ምን እንደሆነ እዚያ የጭነት በር ጋ፣ ንፋሱ ውስጥ ነው የገባኝ። አንድ ገበሬ፣ አንድ ጊዜ በስልክ ያየኝ ሰው፣ ያልፈለገውን ነገር አምኖ ፈቃድ ጠየቀኝ።

እሺ አልኩ።  ኪራን እሺ ይላል አላቸው፤ ከዚህ በላይ ምን እንዳሉ ሳልሰማ ተዘጋ።

ማሄሽ አሥራ አራተኛው መደርደሪያ ጋ ስካነሩን ይዞ ይቆጥር ነበር። ነገርኩት። ምን አለ፣ ቃሉን ንገረኝ አለኝ። ነገርኩት። እንደገና አለ። ሦስት ጊዜ ነገርኩት፣ «ገና አልለመድኩትም» የምትለዋንም ሳልዘል። እዚያች ላይ ሳቀ። ከዚያ ወደ መደርደሪያው ዞረ፣ ስካነሩን አነሳ፣ መልሶ አወረደው።

አባትየው ቃላቸውን ይጠብቁ እንደሆነ አላውቅም። ድንኳን ሙሉ ዘመድ፣ ሦስት ሳምንት፣ የሚያለቅሱ አክስቶች አሉ። ማሄሽ እንቢ ማለት አልችልም ያለኝ ትናንት ነው፤ ትናንት ደግሞ ሩቅ አይደለም። ግን ከእንግዲህ እንቢ የሚለው ብቻውን አይደለም፤ አባቱ ቀድመውታል። ኖቬምበር ሃያ ኤርፖርት አደርሰዋለሁ። መመለሻው ዲሴምበር አሥራ አንድ ነው። ሥራ ቦታ የዚያን ቀን ኦፍ ጠይቄአለሁ።